አሮጌው የአዝቤስት ጣሪያና የቤተሰባችን ጤና

በምንኖርባቸው ሰፈሮች፣ በተለይም ከብዙ ዓመታት በፊት በተሠሩት ሺኩኖች አካባቢ፣ ቀና ብሎ ለሚመለከት ሰው ግራጫ መልክ ያለውና እንደ ቆርቆሮ ሽንሽን የሆነ የጣሪያ ክዳን በየቦታው ይታያል። በመኖሪያ ቤት ላይ፣ በማሕሳን (በዕቃ ማስቀመጫ ክፍል) ላይ፣ በመኪና ማቆሚያ ጥላ ላይ፣ በየሞሻቩ በሚገኘው የዶሮና የላም ቤት ላይ ተከድኖ እናየዋለን። ከሩቅ ሲያዩት ያረጀ ቆርቆሮ ይመስላል እንጂ ቆርቆሮ አይደለም። አይዝግም፤ ዝናብ ሲወርድበትም እንደ ቆርቆሮ አይንጫጫም። ሲሚንቶና አዝቤስት የተባለ ማዕድን ተደባልቀው የተሠራ ክዳን ነው። በዚህ ጽሑፍ ስለ አዝቤስት ማወቅ የሚገባንን፣ በተለይም በቅርቡ ወደ ሀገር የገቡ ቤተሰቦች ሊጠነቀቁበት የሚገባውን እንገልጻለን። (በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩን ማንሳት ያስፈለገበት ምክንያት አለ። እኛ በመጣንበት ሀገር ቆርቆሮ ሀብት ነው። የሣር ክዳኑን ወደ ቆርቆሮ የለወጠ ሰው በመንደሩ ይወራለታል። ቆርቆሮው ሲያረጅም አይጣልም፤ ለማድቤት፣ ለአጥር፣ ለዶሮ ቤት፣ ለመጸዳጃ ቤት ይውላል። ይህ ቁጠባ የሚያስመሰግን እንጂ የሚያስወቅስ አይደለም። እዚህ ሀገር ግን ከቆሻሻ መጣያ አጠገብ የተቆለለውን ግራጫ ክዳን አይቶ «ደህና ዕቃ እንዲሁ ተጣለ» ብሎ ወደ ቤት መውሰድ ጣጣ ያመጣል። በከተማ ዳር ባገኙት ትርፍ መሬት ላይ ጎመንና ቃርያ የሚተክሉ አንዳንድ ሽማግሌዎቻችን የአትክልት ቦታቸውን በዚህ ክዳን አጥረው ይታያሉ። ልጆችም ስብርባሪውን አንስተው እንደ ጠመኔ አስፋልት ላይ ይጽፉበታል። የሚገባቸውን ቃል በሚገባቸው ቋንቋ የነገራቸው ሰው ስለሌለ ጥፋቱ የእነርሱ አይደለም። «ዘሂሩት፣ አዝቤስት» ተብሎ በዕብራይስጥ ብቻ የሚለጠፍ ማስታወቂያ ፊደሉን ላልለየ ሰው ምንም አይነግረውም።

አዝቤስት ምንድን ነው?

አዝቤስት (አንዳንዶች አስቤስቶስ ይሉታል) ከመሬት ተቆፍሮ የሚወጣ ማዕድን ነው። ከሌላው ድንጋይ የሚለየው ሲፈለፈል እንደ ቃጫ ወደ ቀጫጭን ክሮች የሚለያይ መሆኑ ነው። ክሩ እሳት አያቃጥለውም፣ አይበሰብስም፣ በቀላሉም አይበጠስም። ስሙም ከግሪክ ቋንቋ የመጣ ሲሆን «የማይጠፋ» ማለት ነው። በዚህ ጠባዩ የተነሳ በ20ኛው መቶ ዘመን በዓለም ዙሪያ ለጣሪያ፣ ለውሃ ቧንቧ፣ ለሙቀት መከላከያ፣ ለመኪና ፍሬን ሸራ ሳይቀር ዋለ። በሽንሽኑ ጣሪያ ውስጥ ከ10 እስከ 15 በመቶ የሚሆነው አዝቤስት ሲሆን ቀሪው በአብዛኛው ሲሚንቶ ነው።

ጉዳቱም የሚመጣው ከዚሁ ከተመሰገነበት ጠባይ ነው። ክዳኑ ሲሰበር፣ በመጋዝ ሲቆረጥ፣ በመሰርሰሪያ ሲበሳ፣ ወይም ከብዙ ዓመት ፀሐይና ዝናብ በኋላ ገጹ ሲፈረፈር ክሮቹ ወደ አየር ይወጣሉ። ከሰው ፀጉር በብዙ እጅ የቀጠኑ ስለሆኑ ዓይን አያያቸውም። ሽታ የላቸውም፤ አያስነጥሱም። ሰው ሳያውቀው ከትንፋሹ ጋር ወደ ሳንባው ይገባሉ። ተራ አቧራ ቢሆን ሰውነት በአክታ ያስወጣው ነበር። የማይበሰብሰው ክር ግን ወደ ውስጥ ዘልቆ ይቀመጥና ሳንባውን ለብዙ ዓመታት እየቆጠቆጠ ይኖራል።

ከዚህ የሚመጡት ዋና ዋና በሽታዎች ሦስት ናቸው። አንደኛው ሳንባ እየጠጠረ ሄዶ ትንፋሽ የሚያሳጥርበት አስቤስቶሲስ የተባለው ሕመም ሲሆን፣ ይህ በአብዛኛው ለረጅም ጊዜ ብዙ ብናኝ የተነፈሱ ሠራተኞችን ይይዛል። ሁለተኛው የሳንባ ካንሰር ነው። ሦስተኛው ሜሶቴሊዮማ ይባላል። ይኸውም ሳንባን ወይም የሆድ ዕቃን የሚሸፍነውን ስስ ሽፋን የሚይዝ ካንሰር ሲሆን፣ ከሌላ ምክንያት እምብዛም አይመጣም፤ ፈውሱም እጅግ አስቸጋሪ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ክፍል ማንኛውንም ዓይነት አዝቤስት ለሰው ካንሰር አምጪ ብሎ መድቦታል። በሥራ ቦታቸው አዝቤስት በመተንፈሳቸው ብቻ በዓለም ላይ በየዓመቱ ከ200,000 በላይ ሰዎች እንደሚሞቱ ይኸው ድርጅት ይገምታል። ሲጋራ የሚያጨስ ሰው ደግሞ አዝቤስት ከተነፈሰ በሳንባ ካንሰር የመያዙ ነገር በብዙ እጥፍ ይጨምራል።

ሰውን የሚያታልለው ነገር ጊዜው ነው። በሽታው ብዙውን ጊዜ የሚታየው ክሩ ከተተነፈሰ ከ20 እስከ 40 ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ቆይቶ ነው። ዛሬ በ10 ዓመት ዕድሜው በስብርባሪው የሚጫወት ልጅ ቢታመም የሚታመመው ራሱ የልጆች አባት ከሆነ በኋላ ነው። ስለዚህ «እኔ ስንት ጊዜ ነክቼዋለሁ፣ ምንም አልሆንኩም» የሚለው አነጋገር፣ በተደጋጋሚ የምንሰማው ቢሆንም፣ ማስረጃ አይሆንም።

ማዕድን ቆፋሪ ያልሆኑትም ታመሙ

መጀመሪያ ላይ ሐኪሞች አዝቤስት የሚጎዳው የማዕድንና የፋብሪካ ሠራተኛን ብቻ ይመስላቸው ነበር። በ1960 በደቡብ አፍሪካ ዋግነር የተባሉ ሐኪምና ባልደረቦቻቸው በሜሶቴሊዮማ የተያዙ 33 ሰዎችን ታሪክ መርምረው አሳተሙ። ከአንዱ በቀር ሁሉም በሀገሪቱ ሰሜን ምዕራብ ኬፕ ከሚገኘው የአዝቤስት ማዕድን ጋር በአንድ ወይም በሌላ መንገድ የተገናኙ ነበሩ። በጣም ያስደነገጠው ግን ከእነርሱ ውስጥ ማዕድን ቆፍረው የማያውቁ፣ በአካባቢው በልጅነታቸው የኖሩ ብቻ መገኘታቸው ነው። ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በ1965፣ በለንደን ከተማ የወጣ ጥናት ደግሞ ከታማሚዎቹ መካከል በአዝቤስት ፋብሪካ አቅራቢያ ይኖሩ የነበሩ ሰዎችና የባሎቻቸውን የሥራ ልብስ ሲያጥቡ የኖሩ ሚስቶች እንዳሉበት ገለጸ። እነዚህ ሴቶች ፋብሪካውን ከውስጥ አላዩትም። ብናኙ በባል ሸሚዝ ላይ ሆኖ ቤታቸው ድረስ መጣላቸው።

በእስራኤልም ተመሳሳይ ነገር ደርሷል። በሰሜን፣ በናሃሪያ ከተማ ከ1952 እስከ 1997 ድረስ የአዝቤስት ጣሪያና ቧንቧ የሚያመርት ኤይታኒት የተባለ ፋብሪካ ነበር። ከምርቱ የሚተርፈው ቆሻሻ በምዕራብ ገሊላ ለሚኖሩ ሰዎች ይደርስ ነበርና፣ እነርሱም ጠቃሚ ነገር አገኘን ብለው መንገድ ደለደሉበት፣ ግቢና የመኪና ማቆሚያ አነጠፉበት። ይህ ትራፊ ክሩ ከሲሚንቶ ጋር በደንብ ያልተጣበቀ፣ በእጅ ሲያሹት የሚፈረፈር ስለሆነ ከጣሪያው ይልቅ አደገኛ ነው። መሬቱ በተቆፈረና መኪና በተመላለሰበት ቁጥር ብናኙ ይነሳል። በዚያ አካባቢ ሜሶቴሊዮማ ከሌላው የሀገሪቱ ክፍል በርክቶ ተገኘ። በመጨረሻ በ2011 ክኔሴት ስለ አዝቤስትና ስለ ጎጂ ብናኝ ልዩ ሕግ አወጣ። ሕጉ አዝቤስትን ለአዲስ ሥራ ማዋልን ከለከለ፣ ማንኛውም የአዝቤስት ሥራ ፈቃድ ባለው ባለሙያ ብቻ እንዲሠራ አዘዘ፤ በምዕራብ ገሊላ የተቀበረውን ለማጽዳትም ኩባንያው የወጪውን ግማሽ እስከ 150 ሚሊዮን ሼቄል ድረስ፣ ቀሪውን መንግሥትና የአካባቢው አስተዳደሮች እንዲከፍሉ ወሰነ።

ከእኛ በፊት የመጡ ዓሊሞችም አዝቤስትን በሚገባ ያውቁታል። በ1950ዎቹ ከሰሜን አፍሪካ፣ ከኢራቅ፣ ከሮማንያና ከሌሎችም ሀገሮች የመጡት በመጀመሪያ በድንኳንና በቆርቆሮ ቤት፣ ቀጥሎም ብዙዎቹ በኢየሩሳሌምም ሆነ በደቡብ በተቆረቆሩት አዳዲስ ከተሞች አዝቤስቶን በሚባል ቤት ኖረዋል። ግድግዳው ሳይቀር ከዚሁ ነገር የተሠራ ጎጆ ማለት ነው። ዛሬ በዕድሜ የገፉ የሞሮኮ ወይም የሮማንያ ጎረቤቶች ያሏችሁ ጠይቋቸው፤ በበጋ እንዴት ይሞቅ፣ በክረምት እንዴት ይበርድ እንደነበር ያጫውቷችኋል።

ከጣሪያው ሥር መኖር ይቻላል?

ይህን ያነበበ ሰው ዛሬውኑ ቤት ልልቀቅ እንዳይል ይህን እንጨምር። ክዳኑ ሙሉ ከሆነ፣ ካልተሰነጠቀና ማንም ካልነካካው ክሮቹ በሲሚንቶው ታስረው ስለሚቀመጡ ከሥሩ መኖር ብቻውን አያሳምምም። በሀገሪቱ ውስጥ በብዙ አሥር ሚሊዮን ካሬ ሜትር የሚቆጠር የአዝቤስት ክዳን እስካሁን አለ፤ ሁሉም በአንድ ቀን ይነሳ ቢባል በማንሳቱ ሥራ የሚወጣው ብናኝ ራሱ አደጋ ይሆናል። ስለዚህ የመጀመሪያው ደንብ ቀላል ነው፤ ደህና የሆነውን አትንኩት። አንቴና ወይም የፀሐይ ውሃ ማሞቂያ (ዱድ ሼሜሽ) ለመትከል አትብሱት፣ ሽበቱን ለማጽዳት በሽቦ ብሩሽ አትፈግፍጉት፣ በኃይለኛ የውሃ ግፊት አትጠቡት፣ ላዩ ላይም አትውጡ። ክዳኑ ሲያረጅ ስለሚሰባበር ብዙ ሰው ተደርምሶበት ወድቆ ተጎድቷልና፣ ይህ የመጨረሻው ስለ ካንሰር ብቻ አይደለም።

ስለ ውሃ ቧንቧም የሚጠይቁ አሉ። አንዳንድ አሮጌ የመንገድ ሥር ቧንቧዎች ከአዝቤስትና ከሲሚንቶ የተሠሩ ናቸው። ይሁን እንጂ አዝቤስት በዋናነት የሚጎዳው ሲተነፍሱት ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም በመጠጥ ውሃ የሚገባው ጉዳት ማድረሱን የሚያረጋግጥ በቂ ማስረጃ እንደሌለ ገልጿል። በዚህ መጨነቅ አያስፈልግም።

አዲስ የተሠራ ተመሳሳይ ክዳንም አለ። ከ1990ዎቹ ወዲህ በአዝቤስት ፋንታ የእንጨት ቃጫ የተቀላቀለበት ሽንሽን ክዳን ይሠራል፤ መልኩም ሲታይ አንድ ነው። ላቦራቶሪ ካልመረመረው በቀር በዓይን መለየት አይቻልም። ቤቱ ከዚያ በፊት የተሠራ ከሆነ አዝቤስት ነው ብሎ መጠንቀቅ ይሻላል።

የቀን ሥራና የአዝቤስት ነገር

በእኔ አስተያየት ለማኅበረሰባችን ትልቁ አደጋ የቤቱ ጣሪያ ሳይሆን ሥራው ነው። ብዙ ወንዶቻችን በግንባታ፣ በማፍረስና በጽዳት ሥራ ላይ ተሰማርተዋል። ቋንቋው ገና ያልገባው፣ የቤት ኪራይና የልጆች ወጪ የሚያሳስበው ሰው አንድ ካብላን (ተቋራጭ) መጥቶ «ይህን አሮጌ ማሕሳን በአንድ ቀን አፍርሱልኝ፣ ገንዘቡን በእጃችሁ እሰጣችኋለሁ» ቢለው እሺ ማለቱ አያስገርምም። መዶሻ ይሰጡታል፣ ቀጭን የወረቀት ጭንብል ይሰጡታል፤ አንዳንዴም እርሱም የለም። ክዳኑን ሰባብሮ መኪና ላይ ይጭናል። ማታ ልብሱን አራግፎ ይገባል። ሚስቱ ታጥባለች፤ ሕፃኑ ደረቱ ላይ ተኝቷል።

ሕጋዊው ሥራ እንዲህ አይደለም። ፈቃድ ያለው የአዝቤስት ካብላን አካባቢውን ያጥራል፣ ክዳኑን በውሃ ያርሳል፣ ሳይሰብር አንድ በአንድ ያወርዳል፣ በወፍራም ላስቲክ ደራርቦ ይጠቀልላል፣ የአዝቤስት ምልክት ይለጥፍበታል፤ ከዚያም ለዚህ ወደ ተፈቀደ መጣያ ይወስዳል። ሠራተኞቹ አንድ ጊዜ ተለብሶ የሚጣል ቱታና ብናኙን ማስቀረት የሚችል ልዩ ጭንብል ያደርጋሉ፤ ሳይታጠቡም ወደ ቤት አይሄዱም። እነዚህ ነገሮች ሳይኖሩ አዝቤስት አፍርስ የተባለ ሰው እምቢ ማለት መብቱ ነው። እምቢ ቢል የዚያን ቀን ደመወዝ እንደሚያጣ እናውቃለን፤ ነገሩ ቀላል ነው አንልም። ሆኖም በዚያች ቀን የሚገኘው ጥቂት መቶ ሼቄል ለሚስትና ለልጅ ሳንባ ጭምር የሚከፈል ዋጋ እንደሆነ ሰው አውቆ ይወስን።

ከዚህ በፊት በእንዲህ ያለ ሥራ የቆየ ሰው ደግሞ ሁለት ነገር ያድርግ። አንደኛ፣ በኩፓት ሆሊም ለሚያየው ሐኪም «ከአዝቤስት ጋር ሠርቻለሁ» ብሎ ይንገርና በመዝገቡ ላይ ይጻፍለት፤ የሚያጨስ ከሆነም ማጨሱን ለማቆም እርዳታ ይጠይቅ። ሁለተኛ፣ ትሉሹን (የደመወዝ ወረቀቱን) አይጣል። ከአዝቤስት የሚመጣ ሕመም በቢቱዋሕ ሌኡሚ ዘንድ የሥራ በሽታ ሆኖ ሊታወቅና ድጎማ ሊያስገኝ ይችላል። ነገር ግን በሽታው ከ30 ዓመት በኋላ ሲመጣ የት፣ ለማን፣ በየትኛው ዓመት እንደሠራ ማስረዳት የሚጠበቅበት ራሱ ሠራተኛው ነው። ያን ጊዜ ካብላኑ ሊሞት፣ ድርጅቱም ሊዘጋ ይችላል። በሻሖር፣ ማለትም ያለ ትሉሽ፣ የተሠራ ሥራ ደግሞ ምንም ምልክት አይተውም። ለዚህ ነው ከሰነድ ሁሉ በላይ እነዚያን ወረቀቶች በአንድ ቦርሳ አጠራቅሙ ብለን የምንጨቀጭቃችሁ።

ጣሪያው ተሰብሮ ሲገኝ

ክዳን በዐውሎ ነፋስ፣ በዛፍ መውደቅ፣ በእሳት ሊሰበር ይችላል። በዚህ ሀገር ደግሞ ሚሳኤል አለ፤ በ2006 የሊባኖስ ጦርነት ጊዜም ሆነ ከ2023 ወዲህ በሰሜን ከተሞች በወደቁት ሚሳኤሎች ከተጎዱት ቤቶች መካከል የአዝቤስት ጣሪያ ያላቸው ነበሩ። እሳት ሲነሳ ክዳኑ አይነድም፤ ሲግል ግን እየጮኸ ይፈነዳና ስብርባሪው ርቆ ይበተናል። በእንዲህ ያለ ጊዜ ከእሳቱ አቅጣጫ ርቆ መስኮት መዝጋት ያስፈልጋል።

ስብርባሪ በግቢ ውስጥ ከተገኘ ልጆችን አርቁ። የእኛ ሴቶች ልማድ ቶሎ መጥረጊያ ማንሳት ነው፤ በዚህ ጊዜ ግን ደረቅ መጥረጊያ ብናኙን ከማስነሳት በቀር የሚረዳው ነገር የለም። የቤት ውስጥ አቧራ መሳቢያ ማሽንም እንዲሁ ክሩን መልሶ ወደ ክፍሉ ይነፋዋል። ሳይረግጡት መድረስ ከተቻለ ቀስ አድርጎ በውሃ ማርከስና በላስቲክ መሸፈን፣ ከዚያም መጥራት ነው። ወደ ተራው የቆሻሻ መጣያ መወርወርም ሆነ በሌሊት ወስዶ ወንዝ ዳር መድፋት በሕግ ያስቀጣል፤ አንዳንድ ካብላኖች ዋጋ የሚቀንሱት ይህን ስለሚያደርጉ ነው። በጋራ ሕንፃ የምትኖሩ ከሆነ ነገሩን በቫዓድ ባይት (በሕንፃው ኮሚቴ) ስብሰባ አንሱ። ካብላን ሲመረጥም የአዝቤስት ፈቃዱን አሳዩን በሉ፤ ክዳኑን ለተፈቀደው መጣያ ያስረከበበትን ወረቀትም ሳታዩ የመጨረሻውን ክፍያ አትስጡ። ቤቱ የዓሚዳር ወይም የሌላ የመንግሥት ቤቶች ድርጅት ከሆነ በጽሑፍ አመልክቱ፤ የደብዳቤውን ቅጂም አስቀሩ። በቃል የተነገረ ነገር ይረሳል።

ለመጥራት ሁለት ቁጥሮች አሉ። የከተማው ኢሪያ (ማዘጋጃ ቤት) 106 ነው። የአካባቢ ጥበቃ ሚኒስቴር ደግሞ ኮከብ 6911 ነው። አማርኛ የሚናገር ሰው ላታገኙ ስለምትችሉ ይህን ዓረፍተ ነገር ቆርጣችሁ ስልኩ አጠገብ ለጥፉ፤ «ዬሽ ኤጽሌኑ አዝቤስት ሻቩር»፣ ማለትም «እኛ ጋ የተሰበረ አዝቤስት አለ»። ቀጥለው «ኤይፎ?» (የት?) ይሏችኋል፤ የመንገዱን ስም፣ የቤቱን ቁጥርና የከተማውን ስም ንገሯቸው። ከዚያም «ካማ?» (ምን ያህል?) ብለው መጠኑን ይጠይቃሉ። ስልክ የተቀበላችሁን ሰው ስምና ቀኑን ጻፉ፤ በ2 ወይም በ3 ቀን ውስጥ ማንም ካልመጣ እንደገና ደውሉ፤ ካልሆነም ወረቀቱን ይዛችሁ በሰፈራችሁ ወደሚገኘው የማኅበራዊ ኑሮ ቢሮ ኑና አብረን እንደውላለን።